ፈንግል ያልገደላቸው ዶሮዎች

እማማ ማሴቻባ ሁለት የሞቱ ዶሮዎችን ከትከሻቸው ብርድ ልብስ ስር አውጥተው በጣቢያው ባንኮኒ ላይ ሲያጋድሟቸው፣ ተረኛው ፖሊስ የሻይ ስኒውን አንስቶ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይኼ ምንድን ነው እማማ?»

«አስከሬን ነዋ! ሌሎቹ እቤት ናቸው። ሁሉንም ለመሸከም አቅም አነሰኝ።»

«ተሳስተው ነው እንጂ ወጥ ቤቱ በጓሮ በኩል ነው» አለ ከወዲያ ጥግ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«ሳቅ ልጄ፣ ሳቅ። ስቀህ ስትጨርስ ብዕር አንሳ። ዶሮዎቼን ሰው ገድሏቸዋል። ክስ ላቀርብ ነው የመጣሁት፤ ክሴን ሳላስጽፍ ደግሞ ከዚህ አልነቃነቅም።» አሉና አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። አቀማመጣቸው የእውነትም የሚነሱ አይመስልም ነበር።

አዛዥ ንኩዌቤ በሳቁ ተጠርቶ ከቢሮው ብቅ አለ። ዶሮዎቹን አየ፣ አሮጊቷን አየ። ከዚያ ዓይኑ ያልሳቀችው ሰው ላይ አረፈ። ኢንስፔክተር ፑሴሌትሶ ከዋና ከተማው ከማሴሩ ወደዚህች የሌሶቶ ተራራማ ከተማ፣ ወደ ሃ-ራማቡላ፣ የተዛወረችው አንድ ትልቅ ሰው የልጁን ፋይል እንድትዘጋለት ሲጠይቃት «አልዘጋም» ስላለች ነው። ዝውውሩን ማንም ቅጣት ብሎ አልጠራውም። ብርዱ ግን ስሙን ነግሯታል።

«አንቺ ሂጂ» አላት አዛዡ። «አጽናኛቸው፣ ሁለት መስመር ጻፊና ተመለሺ። የዶሮ ምርመራ ብለን ራሳችንን መሳቂያ አናደርግም።»

ፑሴሌትሶ ካፖርቷን ለበሰች። ባንኮኒው ላይ ወደተጋደሙት ዶሮዎች ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች። በአናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ደማቅ ቀይ ነው፤ አሁን ከፀሐይ የገቡ ይመስላሉ። የሞተ ነገር እንዲህ ሲቀላ ያየችበት ጊዜ ያለ መሰላት። የትና መቼ እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

የእማማ ማሴቻባ ግቢ ከወንዙ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ማታውን የጀመረው አመዳይ ከተማዋ ላይ ስስ ሆኖ ቢቀርም ዙሪያውን ያሉትን ተራሮች ነጭ አልብሷቸዋል። የዶሮ ቤቱ ከጠፍጣፋ ድንጋይ የተካበ፣ ጣሪያው በወፍራም ሳር የተከደነ ነበር። በሩ ፀሐይ ወደምትዞርበት ወደ ሰሜን ይከፈታል። ፑሴሌትሶ ጎንበስ ብላ ገባች። ዶሮዎቹ ከቆጡ ስር ወዳድቀዋል። ጥቂቶቹ እንደተኙ በደረታቸው ተቀምጠው ቀርተዋል። አውራው ክንፉን ዘርግቶ በአፍጢሙ ተደፍቷል።

«እንዴት ነበር የሚያሳድሯቸው?»

«አንቺ ከቆላ ነሽ መሰለኝ» አሉ እማማ ማሴቻባ። «ደረቅ ብርድ ዶሮ አይገድልም። ላባውን ነፋ አድርጎ፣ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ያድራል። የሚገድለው እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ብርዱ ሲመጣ ከስራቸው ያለውን ሳር አወፍርላቸዋለሁ፤ እየገለበጥኩ አደርቀዋለሁ። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ እሱን ሁሉ ጠርጌ ቆጡን በአመድ አሸዋለሁ፣ ቅማል እንዳይገባባቸው። እነዚያን ታያለሽ?» በጣታቸው በግድግዳውና በጣሪያው መጋጠሚያ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች አሳዩዋት። «ብርዱም ቢበረታ እነሱን አልደፍንም። ትንፋሻቸው በዚያ ይወጣል።»

«እሳትስ? ለሙቀት ብለው አንዳንዴ…»

«እሳት? ሳር ላይ? አበድኩ እንዴ?»

ከበሩ አጠገብ ከተቀመጠ የእንጨት ሳጥን ውስጥ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። አንዲት ቀይ እናት ዶሮ ጫጩቶቿን በክንፏ ስር ሰብስባ ፑሴሌትሶን በአንድ ዓይኗ ታፈጣለች።

«እሷ ብቻ ናት የተረፈችው» አሉ እማማ ማሴቻባ። «ከነልጆቿ።»

ፑሴሌትሶ እጇን ወደ ሳጥኑ ዘረጋች። ከበሩ ስር ባለው ክፍተት የሚገባው ነፋስ ጣቶቿን ቆረጣቸው።

ውጭ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ፓካሊታ አፉን ሸፍኖ በግቢው በር ላይ ኖራ እየበተነ ነው። ከአጥሩ ማዶ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበዋል።

«ፈንግል ነው» አላት። «ቁስል የለም፣ ደም የለም፣ በአንድ ሌሊት ቆጡ ባዶ ሆነ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«ፈንግል ከመግደሉ በፊት አንገት ይጠመዝዛል» አሉ እማማ ማሴቻባ። «የእኔዎቹ ትናንት ማታ በእህል ይጣሉ ነበር።»

«ምልክት ሳያሳይ ድንገት የሚገድልም አለ፣ እማማ። በዓይኔ አይቻለሁ።» ፓካሊታ ኖራውን አስቀመጠ። ቀጥሎ የተናገረውን ማንንም ሳያይ ነው የተናገረው። «ለአለቆቼ ደውያለሁ። የላይኛው ሰፈር ዶሮዎች በሙሉ ሐሙስ ጠዋት ይገደላሉ፣ ይቃጠላሉም።»

አጥሩ ማዶ ጩኸት ሆነ።

«ሞክሩና እንያችሁ!»

«መጀመሪያ የእኔን አንገት ቆልምም!»

በዚህ መሃል ከቤት አንድ ረጅም ሰው ሻይ ይዞ ወጣ። ዕድሜው ሠላሳዎቹን አጋምሷል፤ የከተማ ጃኬት ለብሷል፣ ጫማው የተወለወለ ነው። ስኒውን ለእማማ ማሴቻባ ሰጥቶ ትከሻቸውን አቀፈ።

«ልጄ ነው፤ ሴቻባ» አሉ። «ማሴሩ ነው የሚሠራው።»

«ድንገት ልጠይቃት ብዬ ጠዋት በመጀመሪያው ታክሲ ስገባ ይኼ ጠበቀኝ» አለ ሴቻባ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ይንገሯት። አባቴ እዚህ ቤት ውስጥ ነው በሳንባ ምች የሞተው፤ አመዳዩ መንገዱን ዘግቶት ሐኪም ጋ ሳይደርስ። አሁን ደግሞ እሷ ብቻዋን… ዶሮዎቹም አለቁ። ምን ቀርቷት ነው እዚህ የምትቀመጠው?»

«እኔ ቀርቻለሁ» አሉ እናቱ፤ ሻዩንም ፉት አሉ።

ሁሉም «ንታቴ»፣ አባባ፣ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌው ሞኮማ የግቢው የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በጣቱ የጠቆመው ወደ እሳቸው ነበር። ፑሴሌትሶ ስትደርስ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«እኔን ልትይዢ መጣሽ?»

«የዚያን አውራ ዶሮ አንገት እጠመዝዛለሁ ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅም ብያለሁ፣ በገበያም ብያለሁ። ገና ሳይነጋ መስኮቴ ስር መጥቶ የሚጮህ ፍጡር ምን ይባላል? በሕይወቴ ፀሐይ እስኪወጣ የተኛሁት ዛሬ ብቻ ነው።» ወደ መስኮታቸው ዞር ብለው አዩ። «ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም።»

ፑሴሌትሶ በራቸው ጥግ የተቀመጠውን ቆርቆሮ አየችው። የአይጥ መርዝ ነው፤ ክዳኑም ተከፍቷል።

«ይኼስ ንታቴ?»

«ለአይጥ ነዋ። ስሚኝ ልጄ፣ አውራውን ብመርዘው እወድ ነበር፤ አልዋሽም። ሴቶቹን ግን? በየሳምንቱ እንቁላል የምታመጣልኝ ማሴቻባ ናት። ጥርስ የለኝም፤ ሌላ ምን እበላለሁ? መርዝ እህል ላይ በትኜ የገዛ ቁርሴን እገድላለሁ?»

ፑሴሌትሶ ሳቋን ዋጠች፤ ቆርቆሮውን ግን ይዛ ሄደች። ሽማግሌው ከኋላዋ «አይጦቹን ማን ሊገድልልኝ ነው?» እያሉ ሲጮሁ ይሰማታል።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ እጇን እያሟሟቀች ሳለ ነው ያ ቀይ ቀለም ትዝ ያላት። ማሴሩ ውስጥ ነበር። አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ በመሃላቸው የከሰል ማንደጃ። በሩን ሰብረው ሲገቡ የአራቱም ጉንጭ ቀልቶ ነበር፤ ሲሳሳቁ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስሉ ነበር። ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ነው የገደላቸው። ፑሴሌትሶ መኪናዋን አስነሳች።

ፓካሊታ ቢሮውን ሊዘጋ ሲል ደረሰች። አንዷን የሞተች ዶሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ክፈታት።»

«ኢንስፔክተር፣ ናሙናውን ለዋና ከተማው…»

«ናሙናህ ሲመለስ ዶሮዎቹ አመድ ሆነዋል። ክፈታት አልኩህ።»

ጓንቱን አጠለቀና ቢላውን አነሳ። መጀመሪያ የጉሮሮዋን ከረጢት ከፈተው። እህሉ ጤነኛ ነው፤ የመርዝ ሽታም ቀለምም የለበትም። አንጀቷን ዘረጋው፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ደረቷን ሲሰነጥቅ እጁ ቆመ። ደሙ ደማቅ ቀይ ነበር።

ቢላውን አስቀመጠ።

«ጠዋት አንዲቱንም አልከፈትኩም» አለ። «ፈንግል ከሆነ እንዳይዛመት ብዬ ቸኮልኩ። ካቻምና አንድ ቀበሌ ሙሉ አልቆብኛል። ያን ጊዜ ደግሞ ዘገየህ ተብዬ…» ጓንቱን አወለቀ። «ይኼ ፈንግል አይደለም።»

«እንግዲያው ትዕዛዙን አንሳዋ።»

«ትዕዛዙ የእኔ አይደለም። ለአለቆቼ 'ደሙ ቀላ' ብዬ ብነግራቸው ናሙናውን እንጠብቅ ይሉኛል፤ እስከዚያ ግን አቃጥል። ሌላ ምክንያት እንዳለ አሳዪኝ፤ ሰው እንዳደረገው አሳዪኝ። ያኔ በራሴ ፊርማ አቆመዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ የዶሮ ቤቱን ሳር እየገለበጠች ፈተሸችው። ከላይ ያለው አዲስና ደረቅ ነው። መሃል ላይ ስትደርስ እጇ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከስር ያለው ሳር እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ ተጠብሷል፤ በላዩም አዲስ ሳር ተጎዝጉዞበታል። በርጩማ ላይ ወጥታ የአየር ቀዳዳዎቹን ፈተሸች። በድንጋዮቹ ሻካራ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ የሱፍ ክሮች ተንጠልጥለዋል። አንዱን በጣቷ ነቀለችው።

እማማ ማሴቻባ ከበሩ ላይ ሆነው ያይዋታል። ክሩን አሳየቻቸው፤ ያየችውንም ነገረቻቸው። የሆነ ሰው ማንደጃ አስገብቷል፤ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ወትፏል፤ ሳይነጋ ተመልሶ መጥቶ ማንደጃውን አውጥቷል፤ ጨርቁንም ነቅሏል። በበሩ ስር አየር የምታገኘው እናት ዶሮ ብቻ ተረፈች።

አሮጊቷ ክሩን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ በጣቶቻቸው አሻሽተው መለሱላት።

«ዶሮዎቹ አልጮሁም?»

«እጄን ለምደዋል። የሚያውቁት እጅ ከሆነ አይጮሁም» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ጣቢያ ስትመለስ አዛዥ ንኩዌቤ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ሁለት መስመር ነበር ያልኩሽ።»

«ወንጀል ነው ጌታዬ። በከሰል ጭስ ነው የተገደሉት።»

«ነገ ጠዋት ፖሊሶቼ እርድ ሊያስከብሩ ነው፤ አንቺ ደግሞ የዶሮ ነፍሰ ገዳይ ታሳድጃለሽ። ከማሴሩ ለምን እንደተላክሽ ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። በዚያው ምክንያት ነው የማልተወው።»

አንድ የቀረ ሰው ነበር። ፒትሶ በጭነት መኪና ከቆላ የእርባታ ዶሮ እያመጣ ይሸጥ ነበር። የሃ-ራማቡላ ሴቶች «ጣዕም የለውም፣ እንደ ጥጥ ነው» ብለው አንገዛም ካሉት ወዲህ ገበያው ተዘግቶበታል። ባለፈው ሳምንት ገበያ መሃል ቆሞ «ዶሮዎቻችሁ አንድ ቀን ያልቃሉ፣ ያኔ እየለመናችሁ ትመጣላችሁ!» ብሏቸው እንደነበር የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። ፑሴሌትሶ አመሻሹ ላይ መኪናው ስር ተጋድሞ አገኘችው።

«ፒትሶ፣ ውጣ። ሰኞ ማታ የት ነበርክ?»

«ሲኦል!» አለ ከስር። ከወገቡ በላይ ብቅ ሲል አፍንጫው በብርድ ተልጧል። «ይኼን ፊት እዪው! የማሴሩ መንገድ ተራራውን በሚያቋርጥበት በነፋስ በር ላይ ነዋ የነበርኩት። ጀንበር ስትገባ አመዳዩ ጎማዬን ዋጠው። ከአምስት ሾፌሮች ጋር በአንዲት መኪና ውስጥ ተደራርበን አደርን። አንዱ ሲያንኮራፋ የሞተ በሬ ይቀሰቅስ ነበር። ዶሮዎቼ ከኋላ በውርጩ አለቁብኝ። የእኔስ አስከሬኖች? የእኔን ማን ይመረምርልኛል?»

«ምስክር አለህ?»

«አምስት ሾፌር፣ አንድ ቄስ፣ መንገድ የጠረጉት ሠራተኞች። ማክሰኞ እኩለ ቀን ነው የተከፈተልን።»

«እስከዚያ ያለፈ የለም? ትንሽ ታክሲም?»

«ወፍም አላለፈም። ታክሲዎቹም ከኋላችን ተሰልፈው ነበር።»

ፑሴሌትሶ ያሰበችውን ማሰብ አልፈለገችም።

«ፒትሶ፣ ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትመጣለህ» አለችው።

«ታስሬ?»

«ለምስክርነት። አፍህን ብቻ ይዘህ ና።»

ሐሙስ ጠዋት ሲደርሱ ዳገቱ ላይ ሰልፉ ቆሟል። በአንድ በኩል ጓንት ያጠለቁ ሠራተኞች ከነአካፋቸውና ከነነዳጃቸው፣ አዛዥ ንኩዌቤም ከፖሊሶቹ ጋር። በሌላው በኩል ሴቶቹ መንገዱን ሞልተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሶቻቸው ጉች ጉች ብለዋል። ከያንዳንዱ ስር የዶሮ አንገት ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ንታቴ ሞኮማም በመካከላቸው ናቸው፤ የማን እንደሆነች የማትታወቅ ቄብ ጉያቸው ውስጥ ይዘዋል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምናገረው! ተነሱ!» አለ አዛዡ።

«እኛም ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምንቀመጠው!» አለች አንዷ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ከፊት ለፊት የተቀመጡት እማማ ማሴቻባ ነበሩ፤ ጉያቸው ባዶ ነው። ሴቻባ ከኋላቸው ቆሞ «እማዬ፣ በቃ፣ እንሂድ። ታክሲው ይጠብቀናል» እያለ ይለምናቸዋል። ሻንጣው እግሩ ስር ነው።

ፑሴሌትሶ በሰልፉ መሃል አልፋ በሠራተኞቹና በሴቶቹ መካከል ቆመች።

«ኢንስፔክተር፣ ከዚያ ዞር በይ» አለ አዛዡ።

«እጨርሳለሁ፣ ጌታዬ። ሴቻባ፣ ማክሰኞ በመጀመሪያው ታክሲ ገባሁ ብለኸኛል።»

«አዎ።»

«የነፋስ በርን እንዴት አለፋችሁ?»

«እንደ… እንደ ሁልጊዜው።»

«እንደ ሁልጊዜው?» አለ ፒትሶ ከኋላ። «እኔ እዚያ ጥርሴን ሳፋጭ አድሬ፣ ያንተ ታክሲ በሰማይ ነው ያለፈው? ለምን አልጠራኸኝም፣ አብሬህ በበረርኩ!»

ማንም አልሳቀም። ሴቻባ ሻንጣውን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋ አደረገው።

እማማ ማሴቻባ በዝግታ ተነሱ። ልጃቸውን አላዩትም። ጎንበስ ብለው ሻንጣውን ከፈቱና ሸሚዞቹን ወዲያ አድርገው ከስር ሰማያዊ የሱፍ ብርድ ልብስ አወጡ። ከአገሩ ሲወጣ በገዛ እጃቸው ያለበሱት ነው። ጠርዙ ተመዟል፤ ጥላሸትም ይዞታል። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ትናንት ክሩን ሳየው አውቄዋለሁ» አሉ። «እግዜር ሆይ፣ ሌላ ሰማያዊ ይሁን ብዬ ሳልተኛ አደርኩ። ተናገር።»

«እማዬ…»

«ለእኔ አይደለም። ለእነሱ ተናገር። ዶሯቸውን አቅፈው ለተቀመጡት።»

ሴቻባ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ያሳደጉት ናቸው፤ አብዛኞቹን «እማማ» ብሎ ነው የሚጠራው።

«ሰኞ ከሰዓት ነው የገባሁት፣ መንገዱ ሳይዘጋ» አለ። «ከወንዙ ማዶ ባለው የእረኞች ጎጆ ቆየሁ። ማንደጃውም የዚያ ነው። እንዳይሰቃዩ ብዬ ነው በጭስ ያደረግኩት፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የወሰዳቸው። እምቢ የምትለኝ በእነሱ ምክንያት ነው። 'ዶሮዎቼን ለማን ጥዬ?' ትለኛለች። እነሱ ከሌሉ ትመጣለች ብዬ ነው። አባቴ ያለ ሐኪም ሞተ። እሷንም አንድ ቀን ደርቃ ላገኛት ነው?»

«ፈንግል ነው ሲባልስ?» አለች ፑሴሌትሶ። «የሰፈሩ ሁሉ ይቃጠል ሲባል?»

«ልናገር ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «ከዚያ… ዶሮ ይተካል፣ እናት አትተካም ብዬ ዝም አልኩ።»

«የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው በእነዚህ ነው!» ብላ ጮኸች አንዲት ወጣት እናት፣ ጉያዋን ጨምቃ። «እኔስ እናት አይደለሁም?»

ሴቻባ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ፓካሊታ የአፉን መሸፈኛ አውልቆ ወደ ሠራተኞቹ ዞረ።

«አካፋውን ጫኑ። ፈንግል የለም። ፊርማው የእኔ ነው፤ የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

እልልታው ተራራው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዶሮዎቹ ደንግጠው ከየብርድ ልብሱ እየዘለሉ ወጡ፤ መንገዱ ላባ በላባ ሆነ። የንታቴ ሞኮማ ቄብ ባርኔጣቸው ላይ ወጥታ ቆመች።

አዛዥ ንኩዌቤ በዚያ ሁካታ መሃል እማማ ማሴቻባን ወደ ጎን ወሰዳቸው። ፑሴሌትሶ ተከተለቻቸው።

«እማማ፣ እንግዲህ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ሽማግሌ ይግባበት፤ ይቅር ይበሉት። እኔ ፋይሉን ልዝጋው። ልጅዎ ነው።»

«ልጄ ነው» አሉ። «የባዳ ልጅ ቢሆን ይቅር እል ነበር፤ ባዳ እኔን አያውቀኝም። ይኼኛው እያወቀኝ ነው። የሚያውቁትን እጅ ዘርግቶ ነው የገደላቸው። ብርዱን ሰበብ አድርጎ እንደ ዕቃ ጠቅልሎ ሊወስደኝ ነበር፤ ሰፈሩን ሁሉ በእሳት አስበልቶ። እንዲህ አድርጎ ዝም ከተባለ ነገ ደግሞ ለእኔ ጥቅም ብሎ ምን ያደርጋል? ክሱን ጻፊ፣ ኢንስፔክተር።»

አዛዡ ወደ ፑሴሌትሶ ዞረ። «ምከሪያቸው።»

«ምን ብዬ?» አለች። ብዕሯን አውጥታ ነበር። «ሙሉ ስም፣ እማማ?»

«ማሴቻባ» አሉ። «የሴቻባ እናት። እንደዚያው ብለሽ ጻፊው፤ ስሜን አልቀይርም።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እማማ ማሴቻባ በእጃቸው ትንሽ ድስት ይዘው ጣቢያ መጡ። ተረኛው ፖሊስ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ፑሴሌትሶ ወደ ማረፊያ ክፍሉ ወሰደቻቸው። ሴቻባ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጃኬቱ ተጨማዷል።

«ብላ» አሉት። የበቆሎ ገንፎና ጎመን ነው።

«ከሰሽኝ፤ አሁን ደግሞ ታበይኛለሽ?»

«መክሰሴ ማብላቴን አያስቀርም። እጅህን ታጠብ።»

ጥቂት ጎረሰ። ወዲያው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ከእኔ ይልቅ ዶሮ መረጥሽ።»

«ዶሮ አልመረጥኩም። አንተንም አልጣልኩም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ፣ የምወደውን እየሠራሁ መኖር ነው የመረጥኩት። ብሞትም እዚያው እሞታለሁ። የምሞትበትን ቦታ አንተ አትመርጥልኝም።» በብረቱ መሃል እጃቸውን አስገብተው ጃኬቱ ላይ የተጣበቀ ሳር አነሱለት። «ፈርተህ ነው። አውቃለሁ። የፈራ ሰው መጥቶ ፈራሁ ይላል፤ ሌሊት በጓሮ አይገባም። አሁን ጨርሰው፤ ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል።»

ሴቻባ አንገቱን ደፍቶ ጨረሰው። እያለቀሰ ነበር፤ እናቱ እንዳላዩ ሆኑ።

ሲወጡ ሰማዩ ዳግም ከብዶ ነበር። ነፋሱ የመጀመሪያዎቹን የአመዳይ ቅንጣቶች እያበነነ ያመጣል። ፑሴሌትሶ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች።

«ይግቡ እማማ፣ ላድርስዎ። ዳገቱ ያዳልጣል።»

እማማ ማሴቻባ መኪናውን አዩት፣ ዳገቱን አዩት። ብርድ ልብሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው በመርፌ ቁልፍ ያዙት፣ ባዶውን ድስት አናታቸው ላይ አስተካከሉት።

«አንቺም ጀመርሽ?» አሉና መንገዱን ያዙ።